ከላይ እርጥብ፣ ከታች ደረቅ

ኤል ማይቴን፣ ማርች 9 ቀን 2014

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአውዲሊዮ፣

ሰላምታዬ ተራራውን ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ስፔን ካለህበት የሎሚ እርሻ ድረስ ይምጣልህ። የካርሜኗ እመቤታችን ክንድህን ታበርታው። እኛ ደህና ነን። አባትህ ደህና ናቸው፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ዕቃው ደረሰ! የአውቶቡሱ ሾፌር ከድልድዩ ጀምሮ ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ መንደሩን ሁሉ በር ላይ አወጣው። ያቺ ጎረቤታችን ኦርቴንሲያ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ «ሱኒልዳ በመጨረሻ ባል በፖስታ መጣላት!» ብላ ጮኸች። እኔም «ባል ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ይህን ያህል ባልቀለለ፤ ያንቺን አይተን የለ?» አልኳት። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

የላክሃቸውን ሦስት መለኪያዎች በሥዕልህ ላይ እንዳሳየኸው አድርጌ ቀበርኳቸው። ከማጀቱ ጀርባ ካለው አቮካዶ ሥር ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ አንዱን ሠላሳ ሳንቲሜትር ላይ፣ አንዱን ስልሳ፣ አንዱን ዘጠና ላይ ጎን ለጎን ሰካሁ። ሽቦዎቹን ከግንዱ ጋር ካሰርኩት ሳጥን ጋር አገናኘሁ። አጎቴ ሮሳሜል ወንበራቸውን አስወጥተው ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ።

«ልጄ ለመሬት ቴርሞሜትር ላከላት?» አሉ። «ትኩሳት ይዟት ነው?»

«ትኩሳት አይደለም አጎቴ፣ እርጥበት ነው የሚለካው። መሬቷ ምን ያህል እንደጠማት።»

«ጥማቷንማ ቅጠሏን አይቼ እኔ እነግረው አልነበር? እኔን ለመጠየቅ ባትሪ አያስፈልግም።»

ግን ቁጥሩ ብቅ ሲል ከወንበራቸው የተነሡት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ለጽሑፍ እምቢ ካለ ቆይቷልና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከላይ አስራ ዘጠኝ፣ ከመሐል አስራ ሰባት፣ ከታች አስራ አምስት። «ጥሩ ነው መጥፎ?» አሉኝ። እኔ የት አውቄ! አንተው ንገረን። ስልኩ እንደሆነ ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም፣ ጉልበቴ ደግሞ ኮረብታ አይወድም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ በደብተር እየመዘገብኩ እልክልሃለሁ። የዚያን ክብ ባትሪ መለወጫ ላክ፤ እዚህ ሱቅ የለም።

አክባሪህ የአክስትህ ልጅ ሱኒልዳ


ሙርሲያ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2014

ለእህቴ ለሱኒልዳ፣

ጤናና ሰላም ከናንተ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ።

አቀባበርሽ ትክክል ነው፤ እዚህ ያሉት ቴክኒሻኖች እንኳ እንደዚህ አያስተካክሉም። ቁጥሩ ከመቶ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሳያል። ሃያ አምስት ሲሆን ዛፉ ጠግቧል። አስራ ሁለት ሲደርስ ውሃ ቢኖርም ሥሩ መምጠጥ ያቅተዋል። አቮካዶ የሚጠጣው ከላይ ባለው ሥሩ ስለሆነ ዋናው የላይኛው ቁጥር ነው።

እንግዲህ የምጽፈውን እንደ ወትሮሽ ለአባዬ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከእህቴ ከኖልፋ ጋር ተስማምተናል። የላይኛው ቁጥር ከአስራ ሁለት በታች ወርዶ አንድ ወር ከቆየ፣ አባዬ ቫልፓራይሶ ከተማ ኖልፋ ቤት ይገባል። ዛፎቹ ካለቁ እዚያ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ውሃ በቦቴ በሚታደልበት መንደር አይጦርም። ካልወረደ ግን ማንም አይነካውም። ቃሌ ነው።

እውነተኛውን ቁጥር ጻፊልኝ። ባትሪውን ልኬያለሁ።

አውዲሊዮ


ኤል ማይቴን፣ ጁን 15 ቀን 2014

ለውድ ወንድሜ፣

የክረምቱ ብርድ እኛን ይዞናል፣ አንተን ግን የበጋው ፀሐይ በልኩ ያሙቅህ። ባትሪው ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ።

ደብዳቤህን ማዕድ ላይ አነበብኩላቸው። ቫልፓራይሶ የሚለውንም ሳልዘል ጨርሼ አነበብኩት። አባትህ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አስራ ሁለት አለ?»

«አስራ ሁለት።»

«የላይኛው?»

«የላይኛው።»

«መልካም» አሉና ዳቦ አቀብዪኝ አሉ። እኔ ለቅሶ ጠብቄ ነበር።

አሁን የምሥራቹን ስማ! የላይኛው ቁጥር ሃያ አራት ሆኗል! ሃያ አራት! ማጀት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ድስቱ ምስክሬ ነው። ከሥሩ ያሉትንም ይኸው እጽፋለሁ፤ ከመሐል አስራ አራት፣ ከታች አስራ አንድ። ዋናው ግን የላይኛው ነው ብለሃል። ያ ዛፍ እንዴት እንደለመለመ ብታይ! ሌሎቹ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ቅጠላቸው እንደ ትንባሆ ተጠቅልሏል፤ እሱ ግን የሠርግ ቀን መስሎ ቆሟል። መሣሪያው ራሱ በረከት አለው እላለሁ።

የኦርቴንሲያን አታምንም። ባሏና ልጆቿ ሁለት መቶውንም ዛፍ እስከ ወገብ ቆርጠው ጉቶውን ኖራ ቀቡት። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ነው፤ ዝናብ ከመጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያቆጠቁጣል ይባላል። ስትቀባ አገኘኋት፤ እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኖ፣ «ምን ታይኛለሽ፣ መቃብር እያስጌጥኩ ነው» አለችኝ።

ቦቴው አሁን በሳምንት ለአንድ ሰው ሃምሳ ሊትር ነው የሚሰጠው። በእሱ መታጠብ፣ ማብሰል፣ መጠጣት ነው። እኛ ተካፍለን የየራሳችን ጀሪካን አለን። አባትህ ደህና ናቸው፤ ቀበቷቸው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሱ እንጂ። የማቴ ቅጠል ሻያቸውንም አልጠጣም ይላሉ፤ ሆዴን ይነፋኛል ነው የሚሉት። የእድሜ ነገር ይሆናል።

ቶሎ ቶሎ ጻፍልን። ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።

ሱኒልዳ


ሙርሲያ፣ ኦገስት 20 ቀን 2014

ለሱኒልዳ፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ።

ደብተርሽን ሦስት ጊዜ አየሁት። የጠዋት በጠዋት፣ የማታ በማታ ስለጻፍሽው ሁሉ ነገር ይታያል። ደብዳቤዬ ከደረሰሽ ወዲህ የላይኛው ቁጥር በየጠዋቱ ሃያ ስድስት ነው፣ በየማታው ሃያ ሁለት። አንድም ቀን አልሳተም። የታችኛው ደግሞ በማርች አስራ አምስት ነበር፣ በጁን አስራ አንድ፣ በጁላይ መጨረሻ ሰባት።

እህቴ፣ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ዝናብ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። የቦይ ውሃም እንዲሁ። አንድ ስንዝር ተኩል አርሶ የሚቆመው የጆግ ውሃ ብቻ ነው።

መሣሪያው ሥር ውሃ እያፈሰስሽ ነው? ለአባዬ አዝነሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እውነተኛውን ብዬሽ ነበር።

አውዲሊዮ


ኤል ማይቴን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2014

ለአውዲሊዮ፣

ሰላምታዬን የምጽፈው እናቴ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ ንዴቴ ገና አልበረደም። እኔ? እኔ አጭበርባሪ? ጆሮዬ እስኪግል ተሳድቤ፣ ወረቀትህን ዶሮዎቹ ላይ ወረወርኩት። ማዕድ ላይም አላነበብኩላቸው፤ መልሼ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የማጀቱ መስኮት ላይ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ለራሴም አልነገርኩትም።

አባትህ ወጡ። ጆጉን በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት ይዘው ነበር። ቀስ ብለው፣ በእግራቸው መሬቱን እየዳሰሱ፣ ከዛፉ ሥር ተንበርክከው ጠብ ጠብ እያደረጉ አፈሰሱ። ሲጨርሱ መሬቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

«አጎቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «እያጠጣሁ።»

«የመጠጥ ውሃዎን?»

«የራሴን ድርሻ ነው። ካንቺ ጀሪካን አንዲት ጠብታ አልነካሁም፤ ሄደሽ እዪ።»

«ከመቶ አርባ ዛፍ አንዱን ብቻ?»

«ልጄ የሚያየው አንዱን ነው» አሉ። «አሁን አንሺኝ፤ ጉልበቴ እንዳንቺው ሆኗል።»

አውዲሊዮ፣ ሳነሣቸው ክብደት የላቸውም። ብብታቸው ውስጥ የገባው እጄ አጥንት ነው ያገኘው። ከዚያ በፊት እንዴት አላየሁም? ያን አንድ ዛፍ ለምለም፣ ሌላውን ደረቅ እያየሁ መሣሪያው በረከት አለው ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ማየት አልፈለግኩም። ደስ ብሎኝ ነበርና ደስታዬን የሚያበላሽብኝን ነገር አላየሁም። እንዳልጽፍልህ አስምለውኛል፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ «አያቴ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ?» አለቻቸው። «እንደ አስፈላጊነቱ» አሏት፣ ሚኒስትር መስለው።

አሁን ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አለ። የቦዩ ተራችን የማይደርሰን ለምን እንደሆነ ልጠይቅ የውሃ አባት ቤላርሚኖ ዘንድ ሄድኩ። ከላይ ያለው ትልቁ እርሻ አምናም ዘንድሮም አረንጓዴ ነው፤ እኛስ? ቤላርሚኖ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያይ ጀመር።

«ሱኒ፣ ይህን እኔን አትጠይቂኝ» አለ።

«የውሃ አባትን ካልጠየቅኩ ማንን ልጠይቅ፣ ቄሱን?»

«መሬቱ የአጎትሽ ነው። የውሃው ድርሻ ግን ወረቀቱ ለብቻ ነው፤ የአጎትሽ ስም መዝገቡ ላይ ከሌለ ስምንት ዓመቱ። ለአውዲሊዮ ጻፊለት።»

ይኸው ጻፍኩልህ። መልስህን እጠብቃለሁ። መድኃኒትም አትላክ፣ ባትሪም አትላክ።

ሱኒልዳ


ሙርሲያ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2014

ለእህቴ ለሱኒልዳ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ አባዬንም ያቆይልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ፖስታ ቤቱ አይደለም ያዘገየው።

ከአገር ልወጣ ስል አባዬ ስምንቱንም የውሃ ድርሻ በስሜ አዞረልኝ። «እኔ ስሞት ከጠበቃ ጋር እንዳትጓተት» ብሎ ነው። ውል አጽዳቂው ኖታር ዘንድ የሄድን ቀን አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ድርሻውን ለላይኛው እርሻ ሸጥኩት። ለመሄጃዬና ለወረቀቴ የከፈልኩት በእሱ ነው። ለአባዬ ግን ጓደኛ አበደረኝ አልኩት።

ያን ጊዜ ቦዩ ሁለት ዓመት ደርቆ ነበር። ንፋስ የምሸጥ መስሎኝ ነበር፣ ሱኒልዳ። ለሞኝ ሰው ንፋስ ሸጬ የምሄድ፣ ብልጥ የሆንኩ። እነሱ ግን ወረቀቱን ይዘው ከላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩበት። የእኛን ውሃ ከሥራችን ነው የሚስቡት። ይህን የተረዳሁት እዚህ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ስለ አፈርና ስለ ውሃ እዚህ ተማርኩ፤ ስማር ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

መሣሪያውን የላክሁት ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ። ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን ያደረግሁት ነገር ያን ያህል አልጎዳም ማለት ነው። ሃያ አራት ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ምሳ በላሁ።

አባዬ ይህን አይወቅ። አደራ። በሌላው ነገር ሁሉ የፈለግሽውን በይኝ፤ ይህን ብቻ አትንገሪው። ኖልፋ በዲሴምበር መጥታ ትወስደዋለች።

ወንድሜ ብለሽ ከጠራሽኝ፣ ወንድምሽ አውዲሊዮ


ኤል ማይቴን፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2015

ይድረስ ለወንድሜ ለአውዲሊዮ፣

አዎ፣ ወንድሜ ብዬሃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ኖልፋ በስልክ ነግራሃለች፣ አውቃለሁ። አባትህ ዲሴምበር 18፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ኖልፋ ልትወስዳቸው ቅዳሜ ነበር የምትመጣው። አልወጡም። ከዚህ ቤት አልወጡም፣ አውዲሊዮ።

ስለ ቀብሩ መጀመሪያ ልንገርህ፤ ሌላውን ለመናገር አፌን ማሟሟቅ አለብኝ። መንደሩ ሁሉ መጣ። የዜማ ዋሽንት ነፊዎቹ ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብር እየነፉ፣ እንደ ልማዳቸው እየዘለሉ ሸኟቸው፤ በዚያ ፀሐይ! ቤላርሚኖ የሬሳ ሣጥኑን በግራ ትከሻው ተሸክሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ መጋዙን ይዞ መጣና መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ዛፍ በአንድ ቀን ቆረጡልን። ኦርቴንሲያ ኖራውን በርሜል ሙሉ በጥብጣ መጥታ፣ «ተነሺ፣ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ እኔ ብቻዬን ልቀባልሽ ነው?» አለችኝ። ስንቀባ ዋልን። ስትሳደብ ዋለች። እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

አሁን ስለ ደብዳቤህ።

የደረሰኝ ዲሴምበር 11 ነው። አውቶቡሱ ጋ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ድልድዩ ላይ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። ቤት ስገባ አባትህ አልጋቸው ላይ ሆነው «ከልጄ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «በይ እንጂ አንብቢ።» ወረቀቱን ዘረጋሁና ከራሴ አወጣሁ። ሎሚው ጥሩ ነው አልኩ፣ አለቃህ አመስግኖሃል አልኩ፣ አንድ ዶሮ ገዝተሃል አልኩ፣ የእኛ በቅሎ እንዴት ናት ብለሃል አልኩ።

«በቅሎዋን?» አሉ።

«በቅሎዋን።»

«አውዲሊዮ በቅሎዋ ከረገጠችው ጀምሮ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። አንቺ ልጅ፣ ውሸት አትችዪበትም፤ ስትዋሺ ትፈጥኛለሽ። ቤላርሚኖ ዘንድ መሄድሽን አውቃለሁ፤ ስለ ድርሻው የጻፈውን አንብቢልኝ።»

ወንድሜ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ያውቁ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር። አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ኦገስት፣ ቦዩ ሲጠረግ፣ ቤላርሚኖ ባለድርሻዎቹን በየስማቸው ሲጠራ የእሳቸውን ዘለለ። አካፋቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን ወርደው መጥረግ ጀመሩ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሄደው ጠረጉ፤ ድርሻ ሳይኖራቸው፣ ባለፈው ኦገስት እንኳ፣ በዚያ ገላቸው። «እኔ ከቀረሁ ለምን ቀረ ይባላል፤ ለምን ከተባለ የልጄ ስም ይነሣል» አሉኝ።

«እና ጆጉስ?» አልኳቸው። «እኔኮ ቫልፓራይሶ ላለመሄድ መስሎኝ!»

«እሱም አለበት» አሉ። «ግን ያ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ያያል። ሲያይ መሬቷ ደርቃ ካገኛት ምን ሆኖ ያድራል? ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው።»

እውነተኛውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ሁሉንም። «አዲሱን ሸሚዜን ያስታውሰዋል?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ አስቆሙኝ። «አባዬ ይህን አይወቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አላውቅም። አልሰማሁም ብለሽ ጻፊለት። ማዪ» አሉኝ። ማልኩ።

ያን ደብዳቤ፣ አልሰሙም የሚለውን፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ለሞተ ሰው የማሉትን ማፍረስ ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለንስሐዬ ቄሱ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ግን አንተ ዕድሜህን ሙሉ «ቢያውቅ ኖሮ ይጠላኝ ነበር» እያልክ ልትኖር ነው። አባትህ ሳያውቁ አይደለም የወደዱህ። አውቀው ነው።

አንብቤ ስጨርስ ውሃ ስጪኝ አሉ። ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ከዚያ ብርጭቆውን መልሰው፣ «ድገሚኝ» አሉ።

እህትህ ሱኒልዳ